የንግድ ቤት የምሥጢር ቁልፍ በማን እጅ ሊሆን ይገባል?

የንግድ ሥራ ከጥንት ጀምሮ በእምነትና በማስረጃ ላይ ተመሥርቶ የሚኖር መሆኑ የታወቀ ነው። እምነት ያጣ ነጋዴ ደንበኛ አያገኝም፤ ማስረጃ የሌለውም ነጋዴ የሚገባውን መብት በዳኛ ፊት ሊያስከብር አይችልም። የቀድሞው ነጋዴ ማኅተሙን እንደ ዐይኑ ብሌን ይጠብቅ የነበረውም ስለዚህ ነው፤ ማኅተሙ ያረፈበት ወረቀት ሁሉ የእርሱ ቃል ሆኖ ይቆጠር ነበርና። ዛሬ የማኅተሙን ሥራ በብዛት ተረክቦ የሚገኘው የይለፍ ቃልና የምሥጢር ቁጥር ነው። ለማኅተም ይሰጥ የነበረው ጥንቃቄ ግን ለዚህ ለአዲሱ ማኅተም ገና ያልተሰጠው መሆኑ እጅግ የሚያሳስብ ነገር ነው።

ጉዳዩ በሁሉም ስፍራ የሚነሣ ቢሆንም በመተማ ዮሐንስና በምዕራብ ጎንደር ቆላ ክብደቱ ይበዛል። መተማ ከገላባት ፊት ለፊት የተቀመጠች የድንበር ገበያ እንደ መሆኗ፣ ንግዷ የሩቅ ባለቤትና የቅርብ ወኪል ተባብረው የሚሠሩት ንግድ ነው። በዐሥራ ዘጠነኛው ምእተ ዓመት ከጎንደር ተነሥቶ በጭልጋ በኩል ወደ መተማ ይወርድ የነበረው ሲራራ ነጋዴ የሌላ ሰው ዕቃ ጭኖ፣ በሌላ ሰው ስም ይገዛና ይሸጥ ነበር። ዛሬም የሰሊጡ፣ የጥጡና የዕጣኑ ባለቤት በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ ተቀምጦ፣ ሥራው በመተማ ወይም በገንዳ ውኃ በሚገኝ ወኪሉ እጅ የሚካሄድበት ንግድ ቤት ብዙ ነው። ልዩነቱ የቀድሞው ወኪል ይዞት ይሄድ የነበረው ደብዳቤ ሲሆን፣ የዛሬው ወኪል የሚይዘው ቁልፍ መሆኑ ነው።

የአንድ መካከለኛ የሰሊጥ ንግድ ቤት ሥራ ቢመረመር የሚከተለው ይገኛል። ለባንኩ የስልክ አገልግሎት አንድ የምሥጢር ቁጥር አለው፤ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ለዋለው ለቴሌብር ሌላ አለው፤ በጥር 2012 ዓ.ም. ለተጀመረው የአንድ መስኮት የኤሌክትሮኒክ አገልግሎት የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል አለው፤ ለግብር ማስታወቂያው፣ ለኢሜይሉ፣ ለቴሌግራሙ፣ የመጋዘኑን ገቢና ወጪ ለሚመዘግብለት ፕሮግራም ደግሞ እንዲሁ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር ገዥና ሻጭ በአዳራሽ ፊት ለፊት ቆመው፣ ዋጋቸውን እየጮኹ፣ እጅ ለእጅ እየተማቱ ይዋዋሉ ነበር፤ ማን ከማን ጋር እንደ ተስማማ አዳራሹ ሁሉ ያያል። ግብይቱ ወደ ኮምፒዩተር ከተዛወረ በኋላ ግን ከቃሉ በስተጀርባ ያለውን ሰው የሚያይ የለም። ቃሉ ከገባ ባለቤቱ እንደ ገባ ይቆጠራል።

የእነዚህ ቃላት አያያዝ በብዙ ስፍራ እንዲህ ነው። በሒሳብ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ በእስክሪብቶ ተጽፈው በመሳቢያ ይቀመጣሉ፤ መሳቢያው ቁልፍ ቢኖረውም ቁልፉ እዚያው እንደ ተሰካ ይውላል። ሒሳብ ሹሙ፣ መጋዘን ጠባቂው፣ የጉምሩክ አስተላላፊውና የባለቤቱ ወንድም ሁሉም በአንድ ስምና በአንድ ቃል ይገባሉ። አስቸኳይ ነገር ሲያጋጥም ቃሉ በቴሌግራም ይላካል፤ የተላከውም መልእክት ሳይሰረዝ ለዓመታት በተቀባዩ ስልክ ውስጥ ይኖራል። ያ ስልክ ሲበላሽ ወደ ጠጋኝ ይወሰዳል፤ ሲያረጅም ለሌላ ሰው ይሸጣል። ያው ነጋዴ ግን ማኅተሙን ለሹፌር አስይዞ ከገንዳ ውኃ ወደ ጎንደር ለመላክ ፈጽሞ አይደፍርም። ማኅተም የያዘ ሰው ጉዳት ለማድረስ ወረቀት ማዘጋጀትና በአካል መቅረብ ያስፈልገዋል፤ የይለፍ ቃል የያዘ ሰው ግን በመተማም ሆነ በካርቱም ተቀምጦ፣ በሌሊትም ሆነ በቀን፣ የፈለገውን ያህል ጊዜ ሊሠራበት መቻሉ የተዘነጋ ይመስላል።

ይህን ቸልተኝነት የሚያባብሰው የሰብሉ ጠባይ ነው። ሰሊጥ የማይታገሥ ሰብል ነው። ደርሶ በወቅቱ ካልታጨደ የፍሬው መያዣ ይከፈትና ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል፤ የረገፈውን የሚያነሣው የለም። ስለዚህ በአጨዳው ሰሞን ከደጋ ወርዶ የመጣው የቀን ሠራተኛ ደመወዙን በዕለቱ ይፈልጋል፤ ጆንያ፣ ነዳጅ፣ ውኃና እህል ሁሉ በጥሬ ገንዘብ ወይም በስልክ ክፍያ ይገዛል። በዚያ ሰሞን የክፍያው ቃል በቀን ብዙ ጊዜ ይከፈታል። ቃሉን የያዘው አንድ ሰው ብቻ ሆኖ በወባ ቢተኛ ወይም ስልኩ ቢጠፋበት፣ ሠራተኛው ሥራውን ጥሎ ወደ ሌላ እርሻ ይሄዳል። እንግዲህ ነጋዴው ቃሉን ለአምስት ሰው የሚያካፍለው ስለ ምሥጢር ግድ ስለሌለው ብቻ ተብሎ ሊፈረድበት አይገባም፤ በሩ እንዳይዘጋበት ፈርቶ ነው። ሌባ እንዳይገባ የተዘጋ በር ባለቤቱንም የሚያስቀር ከሆነ ጥበቃው ራሱ ጉዳት ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ የሚመረጠው አያያዝ ሁለቱንም አደጋ የሚመለከት ሊሆን ያስፈልጋል።

የቁልፍ አያያዝ የትናንሽ ሱቆች ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን የሚያስረዳ አንድ ታሪክ አለ። በ2001 ዓ.ም. መግቢያ ገደማ በኒው ዮርክ የሚገኘው ሲቲባንክ፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በእርሱ ዘንድ ስላለው ሒሳብ የተጻፈ የሚመስል አንድ ጥቅል ሰነድ ደረሰው። ሰነዱ የብሔራዊ ባንክ ባለሥልጣኖችን ፊርማ የሚመስል ፊርማ የተደረገበት ሲሆን፣ የክፍያ ትእዛዝ በፋክስ እንደሚላክና ለማረጋገጥ በስልክ የሚጠየቁት ሰዎች እነማን እንደ ሆኑ ከነቁጥራቸው ይዘረዝር ነበር። ፊርማው በመዝገብ ካለው ጋር ተመሳስሎ ስለ ተገኘ ሰነዱ ተቀባይነት አገኘ። ከዚያም ሁለት ደርዘን የሚሆኑ የማስተላለፊያ ትእዛዞች በፋክስ መጡ፤ ሲቲባንክም እንደ ሥርዓቱ በተሰጡት ቁጥሮች እየደወለ ጠየቀ፤ ትእዛዙ ትክክል ነው ተባለ። በዚህ ሁኔታ 27 ሚሊዮን ዶላር ወደ ልዩ ልዩ አገሮች ተላለፈ። ስልኮቹ ግን በአዲስ አበባ የሚጮኹ አልነበሩም፤ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በእንግሊዝ አገር ነበሩ። ነገሩ በየካቲት 2001 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ፍርድ ቤት በክስ ሲቀርብ በዓለም ጋዜጦች ተሰማ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሊጤን የሚገባው ነገር አንድ ነው። አታላዮቹ የባንኩን መዝጊያ አልሰበሩም፤ ለመዝጊያው ምስክር የሚሆነውን ሰው ለወጡት። ባንኩ ደውሎ ጠይቋል፤ ነገር ግን የሚደወልበትን ቁጥር የሰጡት ራሳቸው አታላዮቹ ነበሩ። ወደ መተማ ሲመጣ ይኸው ነገር በትንሹ በየቀኑ ይደረጋል፤ አድራጊውም ብዙ ጊዜ ክፉ ሐሳብ የሌለው ሰው ነው። ንግድ ቤቱ አዲስ የተጠቃሚ ስም ሲያወጣ ጸሐፊው ለፍጥነት ብሎ በራሱ ስልክ ቁጥርና በራሱ ኢሜይል ያስመዘግባል። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ቃሉ ጠፋ ሲባል አዲሱ ቃል የሚላከው ለጸሐፊው ነው፤ በአጭር መልእክት የሚመጣው የአንድ ጊዜ ቁጥርም የሚደርሰው ለእርሱ ነው። ጸሐፊው በሰላም ተሰናብቶ ወደ ሁመራ ወይም ወደ ባሕር ዳር ቢሄድ፣ የንግድ ቤቱ ቁልፍ በሲም ካርዱ ውስጥ ሆኖ አብሮት ይሄዳል። ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን መቶ ጊዜ ቢለውጥ እንኳ ምስክሩ እስካልተለወጠ ድረስ የሠራው ከንቱ ነው። ይህ ነገር ሰው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ የባሰ ይሆናል። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከተነሣ ወዲህ እጅግ ብዙ ሰው በመተማ በኩል ተሰዶ ገብቷል፤ ጦርነት ሰውን ከቦታው ሲያፈናቅል ሰውየው የያዘውም ቃል ከቦታው ይፈልሳል።

ከዚህ የተነሣ የመጀመሪያው ሥራ ከቃሉ በፊት ስልኩን ማስተካከል ነው። ለንግድ ቤቱ የተለየ ሲም ካርድ በንግድ ቤቱ ወይም በባለቤቱ ስም አውጥቶ፣ ቁልፍ ማስመለሻ የሆነውን ሁሉ በዚያ ላይ ማዞር ይገባል። ሲም ካርዱ ያለበትም ስልክ ለወሬና ለሙዚቃ የሚያገለግል ሳይሆን በካዝና የሚያድር ይሁን። ወጪው ከአንድ ኩንታል ሰሊጥ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

አንዳንድ ሰዎች ግን እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ሰውን መጠርጠር ነው ብለው ይቃወማሉ። ወኪሉ የእኅት ልጅ ነው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በቤት ያደገ ነው፤ እርሱን ካላመኑ ማንን ሊያምኑ ነው ይላሉ። ይህ አነጋገር ከልብ የሚወጣ ቢሆንም የተገላቢጦሽ ነው። አምስት ሰው በአንድ ስም በሚገባበት ንግድ ቤት ገንዘብ የጎደለ ዕለት አምስቱም ሌባ ናቸው፤ ያልሰረቀው አለመስረቁን ሊያስረዳ የሚችልበት ምንም መንገድ የለውም። መዝገቡ የሚናገረው ስም አንድ ብቻ ነውና። በዚህ ምክንያት ስንቱ ታማኝ ልጅ ከዘመድ ቤት በሐሜት እንደ ወጣ ሽማግሌ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ለየአንዳንዱ ሰው የራሱ ስምና የራሱ ቃል የተሰጠው እንደ ሆነ ግን ታማኙ በመዝገቡ ይድናል። የዕድር ሣጥን በሁለትና በሦስት ቁልፍ የሚቆለፈው ሊቀ መንበሩ ወይም ገንዘብ ያዡ ስለ ተጠረጠረ ነው የሚል ሰው የለም። ባንኮችም ካዝናቸውን የሚከፍቱት በሁለት ሹም እጅ ነው፤ በዚህ የሚቀየም ገንዘብ ያዥ አልታየም። ማንኛውም አስተዋይ ገንዘብ ያዥ ሁለተኛው ቁልፍ በሌላ ሰው እጅ እንዲሆንለት ራሱ ይጠይቃል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የተሰወረ አደጋ ያለው በፕሮግራም ውስጥ ነው። የመጋዘን መዝገባቸውን በኮምፒዩተር የሚይዙ፣ ገንዘብ በስልክ የሚቀበሉ፣ ለደንበኞቻቸውም መተግበሪያ የሚያሠሩ ነጋድያን እየበረከቱ ሄደዋል። ፕሮግራሙ ከባንኩ ወይም ከክፍያ ድርጅቱ ጋር የሚነጋገረው በራሱ የምሥጢር ቁልፍ ሲሆን፣ ቁልፉ ትርጉም የሌለው የሚመስል ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው። ማንም ሰው ሳያዝዘው በንግድ ቤቱ ስም የሚናገር ወኪል ማለት ይህ ቁልፍ ነው። ለምሳሌ ያህል እንደ ቻፓ ያሉ የክፍያ አገናኝ ድርጅቶች ለነጋዴው ለሁሉ ቢታይ የማይጎዳ አንድ ቁልፍና በምሥጢር የሚጠበቅ ሌላ ቁልፍ ይሰጣሉ፤ የመሞከሪያውም ቁልፍ ከእውነተኛው ሥራ ቁልፍ የተለየ ነው። አከፋፈሉ በጥበብ የተደረገ ነው። ይሁን እንጂ የተጣደፈ ፕሮግራም ሠሪ የምሥጢሩን ቁልፍ በፕሮግራሙ ጽሑፍ መካከል እንዳለ ይጽፈዋል፤ ፕሮግራሙም ይሠራል፤ ባለቤቱም ደስ ብሎት ዋጋውን ይከፍላል።

የዚህ ጉዳት ወዲያው አይታይም። የፕሮግራም ጽሑፍ የሚገለበጥ ነገር ነው፤ በሠሪው ላፕቶፕ አንድ ቅጂ፣ በፍላሽ ሌላ ቅጂ፣ እርሱን በሚረዳው ባልደረባ ዘንድ ሦስተኛ ቅጂ፣ ጊትሀብን በመሰለ የፕሮግራም ማከማቻ ደግሞ አራተኛ ቅጂ ይኖራል። ቁልፉ ከየቅጂው ጋር አብሮ ይጓዛል። ማከማቻውም ለሕዝብ ክፍት ከሆነ፣ ሥራቸው እንዲህ ያለውን ቁልፍ መልቀም ብቻ የሆነ ፕሮግራሞች በደቂቃዎች ውስጥ ሊያገኙት ይችላሉ። ስሕተቱ ታውቆ ቁልፉ ከጽሑፉ ቢሰረዝም፣ ማከማቻው የቀድሞውን ጽሑፍ ሁሉ በታሪክነት የሚያኖር ስለ ሆነ መሰረዙ አያድንም፤ የሚያድነው ቁልፉን ራሱን መለወጥ ብቻ ነው። ሀብታምና ብዙ ሊቃውንት ያሉት የአሜሪካው ኡበር እንኳ በዚህ ወድቋል። በ2009 ዓ.ም. ሌቦች የኩባንያው መሐንዲሶች ወደሚጠቀሙበት የጊትሀብ ማከማቻ ገብተው፣ በዚያ ተጽፎ ባገኙት የአማዞን ክላውድ ቁልፍ የ57 ሚሊዮን ደንበኞችና ሹፌሮች መረጃ ወሰዱ። ማከማቻው ለሕዝብ የተከፈተ አልነበረም። ኩባንያው ለሌቦቹ 100 ሺህ ዶላር ከፍሎ ነገሩን ከሸሸገ በኋላ በኅዳር 2010 ዓ.ም. ይፋ ለማድረግ ተገደደ። ቁልፉን በደንበኛ ስልክ ላይ በሚጫን መተግበሪያ ውስጥ መደበቅም እንዲሁ ከንቱ ነው፤ መተግበሪያውን የያዘ ሰው ሁሉ ገላልጦ ሊያየው ይችላልና።

እንግዲህ ፕሮግራም የሚያሠራ ነጋዴ የፕሮግራምን ቋንቋ ማወቅ አይጠበቅበትም፤ ቤት የሚያሠራ ሰው ግንበኛ መሆን እንደማይጠበቅበት ሁሉ። ነገር ግን ቤቱን ሲረከብ ቁልፉን መቀበልና መዝጊያውን መለወጥ የሚያውቅ ነው። በውሉ ውስጥ ቁልፎቹ ሁሉ በንግድ ቤቱ ስም እንጂ በሠሪው ስም እንዳይወጡ፣ ሠሪው በመሞከሪያው ቁልፍ ብቻ እንዲሠራ፣ የእውነተኛው ሥራ ቁልፍ ከፕሮግራሙ ጽሑፍ ውጭ፣ በሰርቨሩ ላይ ለብቻው በተጠበቀ ስፍራ እንዲቀመጥ ማስጻፍ ይችላል። ርክክቡ በተፈጸመ ማግሥት ቁልፎቹ ሁሉ ይለወጡ። ቁልፍ ሲለወጥ ፕሮግራሙ መሥራት የሚያቆምና ሠሪውን ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ ማስጠራት የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ሥራው ያላለቀ መሆኑ ታውቆ የመጨረሻው ክፍያ ሊዘገይ ይገባል። ይህ ፈተና ማንም ባለሱቅ ሊፈትነው የሚችል ቀላል ፈተና ነው፤ ጥሩውን ሠሪ ከሰነፉ የሚለይም ይኸው ነው። ብዙ ሰርቨርና ብዙ ፕሮግራም ያላቸው ታላላቅ ኩባንያዎች ቁልፎቻቸውን የሚያኖርላቸውና በየጊዜው የሚለውጥላቸው የተለየ የኤሌክትሮኒክ ካዝና ይገዛሉ። ለመተማ ንግድ ቤት ይህን ማቅረብ ግን ለአንዲት ላም የከብት ሐኪም ቤት እንደ መሥራት ነው።

የሰዎቹን ቃላት በተመለከተ፣ የማኖሪያው ምርጫ እንደ ንግድ ቤቱ መጠን ይለያያል። ባልና ሚስት የሚሠሩበት ሱቅ ቃላቱን በወረቀት ጽፎ፣ በፖስታ አሽጎ ቢያስቀምጥ የሚያሳፍር ነገር የለበትም፤ ከሩቅ አገር የሚመጣ የኮምፒዩተር ሌባ የታሸገ ፖስታ ሊያነብ አይችልም። ብቻ ፖስታው ከመጋዘን መቀመጥ የለበትም፤ በቆላ ወረቀትን ምስጥ እንደሚበላው፣ ክረምቱም እንደሚያበሰብሰው የማያውቅ የለም። ቅርንጫፍና ብዙ ሠራተኛ ላለው ንግድ ቤት ደግሞ ቃላቱን በአንድ ዋና ቃል ቆልፎ የሚያኖር የኮምፒዩተር ማኅደር ይሻለዋል። ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ ማኅደሩን በሩቅ አገር ሰርቨር ያስቀምጣሉ፤ ሌሎቹ፣ እንደ ኪፓስ ያሉት፣ በባለቤቱ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ በምሥጠራ የተቆለፈ አንድ ፋይል ብቻ ያደርጉታል፤ ያለ ዋጋም ይገኛሉ።

ለምዕራብ ጎንደር ሁለተኛው ዓይነት የሚመረጥ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር ነጋድያን አይዘነጉትም። ቁልፉን በሩቅ ሰርቨር አስቀምጦ መንገዱ የተዘጋበት ሰው ሀብቱን በወንዝ ማዶ እንደ ተወ ነው። ከዚህም በላይ ሩቅ ያለው ጠባቂ ራሱ ሊዘረፍ ይችላል። ላስትፓስ የተባለው ታዋቂ የይለፍ ቃል ጠባቂ ኩባንያ የደንበኞቹ የተቆለፉ ማኅደሮች ቅጂ እንደ ተሰረቀበት በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. አስታውቋል፤ ዋና ቃላቸው አጭርና ደካማ የነበረ ደንበኞችም ለአደጋ ተጋልጠዋል። በራስ ዘንድ የሚቀመጠው ፋይልም ቢሆን ኮምፒዩተሩ በሙቀት ወይም በኤሌክትሪክ መለዋወጥ የተበላሸ ዕለት እንዳይጠፋ፣ አንድ ቅጂ በፍላሽ ሆኖ በጎንደር ወይም ባለቤቱ ባለበት ከተማ ይቀመጥ። ዋናው ቃል ግን ከፍላሹ ጋር አብሮ አይቀመጥ። ይህን መጻፍ የማያስፈልግ ይመስል ነበር፤ ሆኖም ቃሉ በፕላስተር ከነፍላሹ ተለጥፎ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ቃልን መጠበቅ ብቻውን በቂ አይሆንም፤ ቃሉ የሚያደርገውም ነገር መወሰን አለበት። በጥር 2008 ዓ.ም. መጨረሻ የባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ የክፍያ ቃላት በሌቦች እጅ በገቡ ጊዜ፣ ሌቦቹ ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ለማውጣት ሞክረው 81 ሚሊዮኑን ወደ ፊሊፒንስ አሻገሩ። ጊዜውን የመረጡት የሁለቱን አገሮች የዕረፍት ቀን አስልተው ነበር፤ በባንግላዴሽ ዓርብ ሲዘጋ በአሜሪካ ይሠራል፤ በአሜሪካ እሑድ ሲዘጋ በባንግላዴሽ ይሠራል። መተማና ገላባትም እንዲሁ ናቸው፤ በወዲያኛው ዓርብ ዕረፍት ነው፣ በወዲህኛው እሑድ። ከዓርብ እስከ ሰኞ ባለው ጊዜ አንዱ ሌላውን ጠይቆ መልስ የማያገኝበት ሰዓት ይበዛልና፣ በእነዚያ ቀናት ትልቅ ክፍያ እንዳይወጣ አስቀድሞ ማዘዝ ብልህነት ነው። የወኪሉም ቃል በቀን ሊያወጣ የሚችለው ለቀን ሠራተኛ ደመወዝና ለጉዞ ወጪ የሚበቃውን ያህል ብቻ ይሁን፤ ከዚያ በላይ ያለው በባለቤቱ ሁለተኛ ቃል ይጽደቅ። ይህ ውሳኔ ከገንዘቡ ይልቅ ሰውየውን ይጠብቃል። በመንገድ ላይ ተይዞ የምሥጢር ቁጥሩን እንዲናገር የተገደደ ወኪል ሊሰጥ የሚችለው ጥቂት መሆኑ በአካባቢው ሁሉ የታወቀ ከሆነ፣ እርሱን መያዝ የሚያስገኘው ጥቅም ያንሳል።

ሕጉ ከነጋዴው ጎን መሆኑም ሊታወቅ ይገባል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን ይቀጣል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የደንበኛን መረጃ የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው ያዛል። ነገር ግን በጋራ ቃል የሚሠራ ንግድ ቤት ሌባውን ለዳኛ ለማሳየት ይቸገራል፤ ማን ገባ ቢባል የሚመልሰው የለውምና።

በዚህ ረገድ ባንኮችና ንግድ ምክር ቤቶች የሚቀርባቸው ሥራ አለ። ለትልልቅ ድርጅቶች የሚሰጠው የአዘጋጅና የአጽዳቂ ሥርዓት፣ ማለትም አንዱ ክፍያውን ሲያዘጋጅ ሌላው የሚያጸድቅበት፣ በመተማ ላለው መካከለኛ ነጋዴም በቀላል ፎርም ሊደርሰው ይገባል፤ ነጋዴው በአንድ ስልክ በአንድ ቁጥር እንዲሠራ ከተተወ ስሕተቱ የእርሱ ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል። ንግድ ምክር ቤቶችም ለፕሮግራም ሥራ ውል የሚሆን አንድ ገጽ አብነት በአማርኛ አዘጋጅተው ለአባሎቻቸው ቢያድሉ፣ ብዙ ሰው ጠበቃ ሳይከፍል ይጠቀምበታል።

አጨዳው ከመጀመሩ አስቀድሞ፣ በነሐሴና በጳጉሜ ባለው ጸጥ ያለ ጊዜ፣ ባለቤቱና ወኪሉ አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጠው ቃላቱን ሁሉ ቢቆጥሩ ይበቃል። ካለፈው ዓመት ወዲህ የተሰናበቱት ሠራተኞች ያውቋቸው የነበሩት ይለወጣሉ፤ በግል ስልክ የተመዘገቡት ወደ ንግድ ቤቱ ስልክ ይዞራሉ፤ በጋራ የሚያዙት በየስሙ ይከፈላሉ። ወኪሉ በታመመ ጊዜ የሚከፈተው አንድ ፖስታ ታሽጎ፣ በማሸጊያው ላይ የሁለቱ ፊርማ ተደርጎ፣ ሁለቱም በሚያምኑት ሦስተኛ ሰው ካዝና ይቀመጣል። ፖስታው የተከፈተ እንደ ሆነ የተከፈተበት ቀንና የከፈቱት ሰዎች ስም በጀርባው ይጻፋል፤ በውስጡ የነበሩትም ቃላት በዚያው ሳምንት ይለወጣሉ።